ገጸ ባሕርያቱ እንግዳ ሆነው ሲመጡ፦ የመጽሔታችን 10ኛ ዓመት በደሴ

የእኛ የሥነ ጽሑፍ መጽሔት የተወለደችው ደሴ ላይ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ እየተሰበሰቡ ግጥም ከሚያነቡ ጥቂት ጓደኛሞች ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ ትወጣለች። ጸሐፊዎቿ መምህራን፣ ተማሪዎች፣ አንዲት ነርስና አንድ ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ክፍያ የሚቀበል የለም። ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር በእጃችን ይዘን እንሸጣታለን፤ ወደ ሐይቅና ወደ ኮምቦልቻ በሚኒባስ እንልካታለን። እንዲህ እያለች 10ኛ ዓመቷን ልትይዝ ስትል የማተሚያው ዋጋ አንገታችንን ያዘው። የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ወረቀት፣ ቀለምና የማተሚያ ፕሌት (ገጹ የሚቀረጽበት ስስ ቆርቆሮ) እንዴት እንደተወደደ ማተሚያ ቤት የረገጠ ሁሉ ያውቀዋል። የመጽሔቷን ዋጋ እንዳንጨምር አንባቢዎቻችን በአብዛኛው ተማሪዎች ናቸው። ስለዚህ በዓሉ ደስታችንን የምንገልጽበት ብቻ ሳይሆን ቀጣዩን እትም የሚያሳትም ገንዘብ የሚገኝበትም መሆን ነበረበት።

በወልድያ፣ በደብረ ብርሃን፣ በጅማ፣ በሐዋሳ የእኛን መሰል መጽሔት ይዘው የሚታገሉ ሰዎች እንዳሉ ስለማውቅ ያደረግነውን በዝርዝር እጽፋለሁ። ከዚህ ውስጥ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ።

መጀመሪያ የቀረቡት ሐሳቦች የተለመዱት ነበሩ። አንደኛው ከአዲስ አበባ ታዋቂ ድምፃዊ አስመጥቶ የሙዚቃ ዝግጅት ማድረግ ነው። ድምፃዊው ከነባንዱ 400 ኪሎ ሜትር ተጉዞ፣ ሆቴል አድሮ፣ አበል ተከፍሎት ሲመለስ ለመጽሔቷ የሚተርፈው ምን እንደሆነ ስናሰላው ሐሳቡ በዚያው ቀረ። ሁለተኛው በሆቴል አዳራሽ የራት ግብዣ አዘጋጅቶ፣ የክብር እንግዳ ጠርቶ፣ ባለሀብቶች ቃል እንዲገቡ ማድረግ ነው። ይህንን አጥብቄ ተቃወምሁ። በጭብጨባ መካከል የተገባ ቃል በማግሥቱ ስልክ ሲደወልለት አይነሣም፤ በልዩ ልዩ በጎ ሥራ ላይ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ከዚያም በላይ እንዲህ ያለው ራት ከሥነ ጽሑፍ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ለመንገድ ሥራም፣ ለስፖርት ክለብም የሚደገሰው ያው ራት ነው። እኔ የምለው የነበረው አንድ ነገር ነው፤ ሥነ ጽሑፍ ይዘን ገንዘብ ስንጠይቅ ለሰው የምናቀርብለት ራሱ ሥነ ጽሑፉ መሆን አለበት።

እያንዳንዱ እንግዳ የአንድን ገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሶ ይምጣ የሚለው ሐሳብ የመጣው ከነርሷ ነው። ከእኛው መካከል «ይህ የፈረንጅ ልማድ ነው፤ ለደሴ ሰው አይሆንም» ያሉ ነበሩ። መልሱን የሰጠው የአማርኛ መምህሩ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ የታተመው፣ የአማርኛ ልብ ወለድ ሁሉ መጀመሪያ የሚባለው የአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሥራ ባለታሪኳን ጦቢያን የወንድ ልብስ አልብሶ ነው አገር ለአገር የሚያዞራት። «ልብ ወለዳችን ገና ሲጀመር በልብስ ለውጥ ነው የጀመረው» አለና ክርክሩን ዘጋው። ከዚያ በኋላ የተነሣው ጥያቄ የማን ገጸ ባሕርያት ይምጡ የሚል ነበር። ለታወቁት ብቻ በሩ ቢከፈት ከግማሽ የሚበልጠው ወንድ ጉዱ ካሳን ሆኖ እንደሚመጣ እርግጠኛ ነበርን። ጉዱ ካሳ የተወደደ ሰው ነው፤ ነገር ግን አገሩ ጎጃም ነው፣ የፈጠሩትም ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው። እኛ የምናከብረው ደግሞ የራሳችንን 10 ዓመት ነው። ስለዚህ ዋናው ጥሪ እንዲህ የሚል ሆነ፦ በመጽሔታችን ገጾች ላይ ከታተሙት ታሪኮችና ግጥሞች ውስጥ አንድ ሰው ምረጡ፤ እሱን ሆናችሁ ኑ። ከሌላ መጽሐፍ መምጣት የፈለገ አይከለከልም፤ ግን አስቀድሞ ያስመዝግብ።

ይህች ውሳኔ ከሁሉም በላይ ጠቀመችን። ሰዎች የሚሆኑትን ገጸ ባሕርይ ለመምረጥ የቆዩ እትሞችን መፈለግ ጀመሩ። ቤት ውስጥ አቧራ የለበሱት ቅጂዎች ተሸጡ፤ ያለቁትን ደግሞ ፎቶ ኮፒ እያደረግን ሰጠን። ድግሱ ሳይደርስ ሳምንታት ቀድሞ መጽሔቷ እንደገና መነበብ ያዘች። ሌላ ምንም ባናገኝ ኖሮ እንኳ ይህ ብቻ በቂ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ስለ ልብሱ ደንብ አወጣን፤ እናንተም ሳታወጡ አትጀምሩ። ማንም ለዚህ ብሎ ልብስ እንዳይገዛ፣ ከቤቱ ሣጥን ወይም ከዘመድ ሣጥን እንዲያወጣ ተነገረ። በወሎ ሣጥን ውስጥ ያለው ነገር ያስደንቃል። የአያት በርኖስ፣ ባና፣ ጃኖ፣ ከባቲ የሰኞ ገበያ የተገዛ ሽርጥ፣ ድሪና አልቦ፣ የ1960ዎቹ ኮት፤ ይህ ሁሉ ወጣ። የቄስም ሆነ የሼህ ልብስ ለብሶ መምጣት ግን ከለከልን። በመጽሔቷ ውስጥ ካህናትም ሼሆችም በታሪክ ተጽፈዋል፤ እነሱን መሆን የፈለገ ሰው ጽሑፉን በራሱ ልብስ ቆሞ ያንብብ አልን። የሼህ ሁሴን ጅብሪልን ግጥሞች በቃላቸው የሚያውቁ አንድ አባት ነበሩን፤ እሳቸውም በዚሁ ደንብ ማንንም ሳይመስሉ፣ በጋቢያቸው ተቀምጠው ነው ያወረዱልን። እንደ ወሎ መስጊዱና ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ለደጅ በሆነበት አገር ይህንን መጠንቀቅ የግድ ነው፤ ሰውም ወዲያውኑ ገባው።

ረጅም ጊዜ የተከራከርነው በላሊበሎች ጉዳይ ነው። ጎህ ሳይቀድ በየደጃፉ እየዘፈኑ ምጽዋት የሚቀበሉትን፣ ባለቤቱን በስሙ እየጠሩ በግጥም የሚያሞግሱትን ማለቴ ነው። ሁለት ወጣቶች እነሱን ሆነን በየጠረጴዛው እየዞርን እንዝፈን፣ የሚሰጠን ገንዘብ ለመጽሔቷ ይሁን አሉ። ለገንዘብ ማሰባሰቢያ ከዚህ የበለጠ ምን ይገኛል? ሰው ስሙ በግጥም ሲነሣ ኪሱን ይፈታል። ነገር ግን ሕዝቡ በላሊበሎች ላይ ያወራው፣ መዝፈን ካቆሙ ቁምጥና ይይዛቸዋል የሚለው ወሬ ብዙዎቹን ፊታቸውን ሸፍነው እንዲኖሩ ያደረገ ነው። በእነሱ አለባበስ መጫወት ማላገጥ ይሆናል ብዬ ተናገርሁ፤ ልብስ ሰፊውም ደገፈኝ። የተስማማንበት እንዲህ ነው፦ ግጥሙና የአዘፋፈኑ ስልት ይቀራል፤ ሻሽና ቡትቶ፣ ለቅሶና ማንከስ የለም። ወጣቶቹ በራሳቸው ንጹሕ ልብስ ቆመው የማን ሙያ እንደሆነ በአክብሮት ከተናገሩ በኋላ ዘፈኑ። በድግሱ ቀን ከወንበራቸው ተነሥተው የሰጡ ሰዎች ብዛት የደንቡን ትክክለኛነት አሳየኝ። የሰው ድህነት፣ ሕመም፣ ብሔር ልብስ አይሁን፤ ይህን ከመጥሪያ ካርዱ ጀርባ ላይ በግልጽ አትሙት።

ቀን መምረጥ ከሚመስለው በላይ ከባድ ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ቀድሞ ስለሚመጣ አምና የተመቸ ወር ዘንድሮ ላይመች ይችላል። ዐቢይ ጾም አለ። ጥር ከጥምቀት በኋላ የሠርግ ወር ስለሆነ አዳራሹም ወንበሩም ድስቱም በእጥፍ ይወደዳል፤ የሚጠራውም ሰው ሌላ ጥሪ አለበት። ክረምቱ ለደሴ የዝናብና የጉም ጊዜ ነው። ቀን ስትቆርጡ የሁለቱንም ሃይማኖት አጽዋማትና በዓላት፣ የተማሪዎችን ፈተና በአንድ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ተመልከቱ። እኛ ኅዳር ላይ፣ የነቢያት ጾም ሳይገባ ያለችውን ቅዳሜ መረጥን። ሰዓቱንም ወደ ማታ አላደረግነውም። ከ8፡00 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ሳትጠልቅ የሚያልቅ ነበር። ከኮምቦልቻ የሚመጡት ያንን ጠመዝማዛ መንገድ በጨለማ እንዳይወርዱ፣ ሴት ተማሪዎችም በጊዜ ቤታቸው እንዲገቡ ነው። «የልብስ ድግስ ያለ ማታ አይደምቅም» ብለው የተከራከሩን ነበሩ፤ አዳራሹ ግን ከእናት ጋር በመጡ ልጆችና በሽማግሌዎች ሞላ፤ ማታ ቢሆን ግማሾቹ አይመጡም ነበር።

ስለ ምግቡ ልዘርዝር፤ ብዙ ሰው የሚደናቀፈው እዚህ ላይ ነውና። በወሎ ድግስ ሲደገስ የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይሠራል፤ ቤተሰቡ የተቀላቀለ ሰው ሁሉ ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል፣ ማንም ቅር አይለውም። ነገር ግን ወጪው ሁለት እጥፍ ነው፤ እንግዳውም ሳይፈልግ በሁለት ጠረጴዛ ይከፈላል። እኛ ጾም ሳይሆን የጾም ምግብ አቀረብን፦ ሽሮ፣ ምስር ወጥ፣ ጎመን፣ አዚፋ፣ ሱፍ ፍትፍት። ሁሉም ከአንድ ትሪ በላ። የበዓል ቀን ሥጋ ሳይቀርብ ሰው ያዝናል ብለው የፈሩ ነበሩ። የሱፍ ፍትፍቱ ግን ሁለት ጊዜ ተጠየቀ። አልኮል አላስገባንም፤ ብርዝና ሻይ ነበረ፣ ቡናውም ሲፈላ ዋለ።

አዳራሹን ከአንድ ትምህርት ቤት በደብዳቤ ጠይቀን በነፃ አገኘን። ወንበር፣ ድስት፣ ብርጭቆና ትሪ የተከራየነው ከእድር ነው። ሆቴል ከሚያስከፍለው ጋር ስታነጻጽሩት የእድር ኪራይ ከቁጥር የሚገባ አይደለም። በዚያ ላይ የእድሩ ዳኛ ራሳቸው መጥተው ታደሙ፤ መጽሔቷንም ገዙ። የጎደለና የተሰበረ ዕቃ እንዲተካ ግን አንድ ሰው ከርክክብ እስከ መልስ በስም ተጠያቂ መሆን አለበት። ለከተማው ባህል ጽሕፈት ቤትና ለፖሊስ አስቀድመን በደብዳቤ አሳወቅን፤ ያልተለመደ ልብስ የለበሰ ብዙ ሰው በአንድ ሰፈር ሲታይ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርምና ይህንን አትዝለሉት። ትኬቱ ለተማሪ 100 ብር፣ ለሌላው 400 ብር ነበር፤ በትኬቱ አንድ የመጽሔቷ ቅጂና ምግብ ይገኛል። ልብስ መልበስ ያልፈለገም ተፈቅዶለታል። እሱ አንባቢን ሆኖ መጣ ማለት ነው፤ በሩ ላይ መጽሔቷን በእጁ አስይዘን አስገባነው።

በሩ ላይ አንዲት ልጅ ተቀምጣ የእያንዳንዱን እንግዳ ገጸ ባሕርይ፣ ከየትኛው እትም እንደሆነና ከየትኛው ገጽ እንደመጣ በመዝገብ ትጽፋለች። ከዚያ እንግዳው ወደ ውስጥ ሲገባ በድምፅ ማጉያ በገጸ ባሕርዩ ስም ይጠራል። በዚህ መሐል የሆነውን ነገር እስካሁን አስበዋለሁ። በአምስተኛው ዓመት ገደማ አንድ ጡረታ የወጡ መምህር ስለ አንድ የሸዋ በር ሰዓት ጠጋኝ አጭር ልብ ወለድ ጽፈውልን ነበር። ጠጋኙ ልጁ ወደ ዓረብ አገር ሄዶበት ወሬው ስለጠፋ፣ ልጁ ትቶት የሄደውን ሰዓት አንድ ቀን ሳያዛንፍ እየሞላ የሚኖር ሰው ነው። ታሪኩ ልጁ ይምጣ አይምጣ ሳይነግረን ያልቃል። በድግሱ ቀን አንዲት የ11ኛ ክፍል ተማሪ የአባቷን አሮጌ ካፖርት ለብሳ፣ በዓይኗ ላይ የሰዓት ጠጋኝ ማጉያ አድርጋ፣ ደረቷ ላይ የቆመ ሰዓት አንጠልጥላ ገባች። ስሟ ሲጠራ መምህሩ ከወንበራቸው ተነሡ። በአዳራሹ መካከል ደርሰው እጇን ያዙና «ወንድሜ፣ ልጅህ ተመለሰ?» አሏት። ልጅቷ አልደነገጠችም። «ጋሼ፣ ደብዳቤ ልኳል፤ ሰዓቱን ሽጠው ብሎኛል» አለች። መምህሩ ዝም አሉ። ቀጥለውም «ሸጥኸው?» ብለው ጠየቁ። «ገዢ አጣሁለት፤ ሁሉም ጊዜው የሚቆጥረው ላንተ ብቻ ነው ይለኛል» አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ፤ መምህሩ ግን ዕንባቸውን እየጠረጉ ወደ ቦታቸው ተመለሱ። ከዚያ በኋላ ሌሎችም እንዲህ ማድረግ ጀመሩ፤ ጸሐፊው ከፈጠረው ሰው ጋር ተገናኝቶ የቀረውን ይጠይቀዋል። እኛ አላቀድነውም። እናንተ ግን አቅዱት፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ሰፋ ያለ ጊዜ ስጡት፤ የሚባለውንም የሚጽፍ ሰው መድቡ። የልጅቷና የመምህሩ ንግግር ተስተካክሎ በቀጣዩ እትም በሁለቱም ስም ወጥቷል።

ሙዚቃው አንድ ማሲንቆ ብቻ ነበር። አዝማሪው ዝግጅቱን በአራቱ ቅኝቶች ከፋፈለልን። እንግዶች ሲገቡ ባቲ፣ ጽሑፍ ሲነበብ ትዝታ፣ በመጽሔቷ ላይ ጽፈው ስላለፉ ሰዎች ሲወሳ አምባሰል፣ ገንዘብ ሲሰበሰብ አንቺ ሆዬ። ባቲና አምባሰል የወሎ ቦታዎች ስም ናቸውና ሰው እንደ ቤቱ ዜማ ሰማቸው። መብራት በመካከሉ ሲጠፋ ማሲንቆው አልቆመም፤ አንባቢዎቹም ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ቀጠሉ። ዝግጅታችሁን በድምፅ ማጉያና በፊልም ማሳያ ላይ አታንጠልጥሉት።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። ሰው የሚሰጠው የሰጠው ነገር ምን እንደሚሆን ሲያይ ነው። «ለመጽሔት ድጋፍ» የሚለው ቃል ምንም አያሳይም። እኛ ከማተሚያ ቤት አንድ ያልተቆረጠ ትልቅ ወረቀት አምጥተን ግድግዳው ላይ ሰቀልን። በአንዱ ወረቀት ፊትና ጀርባ ስምንት ስምንት ገጽ ይታተማል፤ ሲታጠፍና ሲቆረጥ 16 ገጽ ይሆናል። መጽሔታችን 64 ገጽ ናት፤ አራት እንዲህ ያሉ ወረቀቶች ማለት ነው። የፕሌቱና የማሽን ማዘጋጃው ወጪ ጥቂትም ብዙም ቅጂ ቢታተም ያው ነው፤ ስለዚህ የቅጂው ቁጥር ሲጨምር የአንዱ ዋጋ ይወርዳል። ይህን በቀላል ቋንቋ ካስረዳን በኋላ «16 ገጽ የሚያሳትም ማነው?» ብለን ጠየቅን። አንድ ቤተሰብ ተሰባስቦ አንዱን ወረቀት ያዘ። የኮምቦልቻ ፋብሪካ ሠራተኞች ተዋጥተው ሁለተኛውን ያዙ። አቅሙ ያልደረሰ ተማሪ አንድ ገጽ ያዘ፤ የአንዱን ገጽ ሒሳብ ስንነግረው ፊቱ ላይ ያየሁት ኩራት ከባለ ብዙ ብሩ አያንስም ነበር። ከዚያ ጨረታ ቀጠለ፦ የመጀመሪያው እትም የቀረ ቅጂ፣ ደራሲዎች በእጃቸው የጻፏቸው ግጥሞች፣ ሠዓሊ ጓደኛችን እዚያው ቁጭ ብሎ የሣላቸው የገጸ ባሕርያቱ ምስሎች። ምስሎቹን የገዟቸው በአብዛኛው የተሣሉት ሰዎች እናቶች ናቸው።

የክፍያው ነገር ጥብቅ ይሁን። ቃል መግባት አልተቀበልንም፤ በእጅ ወይም በቴሌብር ወዲያውኑ የተከፈለው ብቻ ተመዘገበ። ገንዘብ ያዥ አድርገን የመረጥነው ከአዘጋጆቹ አንዱን ሳይሆን ለብዙ ዓመት የዕቁብ ጸሐፊ የነበሩ አንዲት እናት ነው። እትዬ በሦስት ሰው ፊት ቆጥረው፣ ደረሰኝ ቆርጠው፣ ድምሩን በሦስተኛው ቡና በበረካው ላይ ለሁሉም ጮክ ብለው አነበቡ። ወዲያው ከሙስሊሙም ከክርስቲያኑም ሽማግሌዎች ተነሥተው መረቁ፤ «አሜን»ም «አሚን»ም ተባለ። ከምርቃቱ በኋላ ሳይጠየቁ እንደገና የሰጡ ሰዎች ነበሩ። ገንዘቡ ሰኞ ጠዋት በሦስት ሰው ፊርማ ብቻ በሚንቀሳቀስ የባንክ ሒሳብ ገባ። የምግብ፣ የኪራይና የትኬት ማሳተሚያ ወጪ ከተቀነሰ በኋላ የተረፈው የሁለት እትሞችን ማተሚያ ሸፈነ።

ከድግሱ በኋላ ያለው ሥራ እንዳይዘነጋ። ገቢና ወጪውን በዝርዝር በቀጣዩ እትም የኋላ ሽፋን ውስጠኛ ገጽ ላይ አትመናል፤ ወረቀት የያዙትም ስማቸው እንዲወጣ የፈቀዱት በያዙት 16 ገጽ መጀመሪያ ላይ በትንሹ ተጽፏል። ስማቸው እንዳይወጣ የጠየቁም ነበሩ፤ ጥያቄያቸው ተከብሯል። የእድሩን ዕቃ በማግሥቱ መለስን፤ ከዘመድ ሣጥን የተዋሰውን ልብስ ደግሞ ያመጣው ሰው እንዳጠበ ራሱ እንዲመልስ ከመጀመሪያው ተነግሮታል። የበሩ መዝገብ ተቀምጧል፤ ማን ማንን ሆኖ እንደመጣ፣ የትኞቹ ታሪኮች ብዙ ሰው እንደያዙ ያሳያል። የተመረጡትን ታሪኮች ለብቻቸው በአንድ ጥራዝ ለማሳተም ከመዝገቡ እየለቀምን ነው። አንድም ሰው ያልመረጣቸውን ታሪኮች ደግሞ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በምናደርገው ንባብ በየተራ ድምፃችንን ከፍ አድርገን እያነበብናቸው ነው።